በናኪቩቦ እግሩን የተጎዳ ቡችላ

በኡጋንዳ ዋና ከተማ በካምፓላ፥ ናኪቩቦ በሚባለው ሠፈር፥ ለአራት እግር ፍጡር የተረፈ ቦታ እምብዛም የለም። በአንድ ወገን በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. የተመሠረተው የእግር ኳስ ሜዳ፥ በሌላው ወገን ኦዊኖ እየተባለ የሚጠራው ታላቅ ገበያና የታክሲ መናኸሪያዎች ይገኛሉ፤ በአጠገባቸውም የከተማውን ጎርፍና ቆሻሻ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ አቅጣጫ የሚያወርደው ቦይ ያልፋል። መደብሩን ሌሊት እንዲጠብቅለት ቡችላ የሚያሳድግ ነጋዴ አንድ ቀን ጧት እንስሳው አንድ እግሩን አንሥቶ በሦስቱ ሲሄድ ቢያገኘው የሚያስደንቅ አይደለም።

ማንከስ ሁሉ ስብራት አይደለም። አስቀድሞ መመርመር የሚገባው መዳፉ ነው፤ በጣቶቹ መካከል ጠርሙስ፥ እሾኽ ወይም ሙጀሌ ተሰክቶ ይገኝ ይሆናል። ሙጀሌ የአፍሪካ ተወላጅ አይደለችም፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1872 ዓ.ም. ከአሜሪካ በመጣ መርከብ አንጎላ ወርዳ፥ ክፍለ ዓለሙን አቋርጣ ወደ ምሥራቅ የተሻገረች ናት። ከውሻና ከዐሣማ ወደ ሰው ስለምትዛመት፥ ከቡችላው መዳፍ ሙጀሌ ያወጣ ሰው በዚያው ሰዓት የልጆቹንም እግር ቢመለከት መልካም ነው።

መዳፉ ንጹሕ ሆኖ ቡችላው እግሩን በጥቂቱም ቢሆን የሚያስረግጥ ከሆነ፥ ወለምታ ወይም ቀላል ምት ሊሆን ይችላል። ለዚህ ዋናው መድኃኒት ዕረፍት ነው። በጠባብ ስፍራ ማስቀመጥ፥ ደረጃና ዝላይ መከልከል፥ በቀዝቃዛ ውሃ የራሰ ጨርቅ እየደጋገሙ ለዐሥር ደቂቃ ያህል በጉዳቱ ላይ ማኖር ይበቃል። ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸትና አጥብቆ ማሰር ግን ደሙን አግዶ የባሰ ጉዳት ያመጣል። የቡችላ አጥንት የሚያድገው በጫፎቹ ባለው ለስላሳ ክፍል ስለሆነ፥ ያ ክፍል ከተጎዳ እግሩ ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ለሰው የተሠራ የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም ፈጽሞ አይሰጥም፤ ኢቡፕሮፌን ጥቂቱም ቢሆን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። እግሩ ከተንጠለጠለ፥ በጣም ካበጠ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ካልተሻለው ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ ግድ ነው። ካምፓላ በዚህ በኩል ዕድለኛ ናት፤ የማከሬሬ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ በዚያው ከተማ ይገኛል።

ከእግሩ ይልቅ የሚያሠጋው አፉ ነው። ሕመም የያዘው ቡችላ ጌታውንም ይነክሳል፤ በኡጋንዳም እንደ ኢትዮጵያ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ገና አልጠፋም። ይህ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጋ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ከሟቾቹም አብዛኞቹ በውሻ የተነከሱ ናቸው። ምልክቱም ሁልጊዜ ቁጣና ለሐጭ ማዝረብረብ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ከእግር መዛል ይጀምራል። ስለዚህ ያልተከተበ ቡችላ ያለ ምንም የታወቀ ምክንያት ማንከስ ቢጀምር፥ ይልቁንም ጠባዩ ከተለወጠ ወይም መዋጥ ካቃተው፥ በእጅ መዳበሱን ትቶ ለብቻው ዘግቶ ሐኪም መጥራት ይገባል። የተነከሰ ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ፥ ውሻው እስኪታወቅ ሳይጠብቅ፥ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። በሽታው ከተገለጠ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው ይከተባል። የከተማ አስተዳዳሪዎችም ቢሆኑ፥ መንገድ ለመንገድ የሚዞረውን ውሻ በመግደል በሽታውን እናጠፋለን ማለታቸው ከንቱ ድካም ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከውሾቹ 70 በመቶውን መከተብ ነው።

የዳነው ቡችላ ወዲያው አይለቀቅም። ሳያነክስ ጥቂት ቀን ከቆየ በኋላ በገመድ ተይዞ አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ይህም ገበያው ሳይሞላ፥ በማለዳ ቢሆን ይሻላል።