ሳይሰለች የሚደጋግም መርጃ መሣሪያ

የትምህርት መርጃ መሣሪያ ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በካርቶን ላይ የተሣለ ሥዕል፣ ከጭቃ የተሠራ ቅርጽ ወይም በቆርኪ የተዘጋጀ መቁጠሪያ ነው። የእነዚህ ጠቀሜታ አይካድም። ሆኖም የሚሰጠው ትምህርት የኮምፒዩተር አጠቃቀም ሲሆን ተማሪው ማየት የሚፈልገው ድርጊትን ነው፤ ይኸውም የማውሱ ቀስት ከየት ተነሥቶ የት እንደ ሄደ፣ ምን እንደ ተነካና ከዚያም ምን እንደ ተለወጠ ነው። መምህሩ አንድ ጊዜ ሠርቶ ያሳያል። ፊት የተቀመጡት ያያሉ፤ ከኋላ ያለው ያመልጠዋል። አንዴ «እንደገና ያሳዩን» ይላል፤ ሁለተኛም ይጠይቅ ይሆናል፤ በሦስተኛው ግን ያፍርና ዝም ይላል። እኛም ገባው ብለን እናልፋለን።

ለዚህ ችግር የሚረዳና ወጪ የማይጠይቅ አንድ ዘዴ አለ። እርሱም በኮምፒዩተሩ ስክሪን ላይ የምንሠራውን ቀርጸን ወደ ተንቀሳቃሽ ጂፍ መለወጥ ነው።

ጂፍ ምንድን ነው?

ጂፍ የሥዕል ፋይል ዓይነት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1987 ኮምፒዩሰርቭ በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ውስጥ በስቲቭ ዊልሃይት የሚመራ ቡድን ያወጣው ነው። በ1989 በተሻሻለው ዓይነት እያንዳንዱ ሥዕል ስንት መቶኛ ሴኮንድ እንደሚቆይ መወሰን ተቻለ። በ1995 ደግሞ ኔትስኬፕ የተባለው የኢንተርኔት ማሰሻ፣ ሥዕሉ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እንዲቀጥል የሚያደርግ ትእዛዝ ጨመረበት። አንዳንዱ ሰው «ጊፍ» ይለዋል፤ ዊልሃይት ራሱ ግን «ጂፍ» ነው ብሏል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። በደብተር ጠርዝ ላይ በየገጹ ትንሽ ትንሽ የሚለያይ ሰው ሥለን ገጾቹን በአውራ ጣት ቶሎ ቶሎ ስንለቃቸው ሰውዬው የሚራመድ ይመስለናል አይደል? ጂፍም እንዲሁ ነው። ብዙ ሥዕሎች በአንድ ፋይል ተደርድረው ተራ በተራ ይታያሉ። ድምፅ የለውም፤ አንዱ ሥዕልም ከ256 ቀለም በላይ አይዝም። ይህ ለፎቶግራፍ ያንሳል፤ ጽሑፍና ሠንጠረዥ ለሚታይበት ስክሪን ግን ይበቃል።

እስቲ በሥራ እንየው

እያንዳንዱ መምህር የሚያውቀውን የውጤት ሮስተር እንውሰድ። ሮስተሩ በኤክሴል ተዘጋጅቷል እንበል። ተራ ቁጥር፣ ስም፣ ፆታና ዕድሜ ይቀድማሉ፤ ከዚያም የሦስት ትምህርቶች ውጤት ይከተላል። አንድ ተማሪ 62፣ 71 እና 58 ቢያገኝ ድምሩ 191 ነው። ነገር ግን በባዶው የድምር ሳጥን ላይ ሆነን አውቶሰም የሚባለውን የመደመሪያ ምልክት ስንነካ ኤክሴል በስተግራ በኩል ተያይዘው ያገኛቸውን ቁጥሮች በሙሉ ይሰበስባል። ዕድሜ ደግሞ ከውጤቶቹ ጎን አለ። ስለዚህ የተማሪው ዕድሜ 14 ከሆነ ድምሩ 205 ይወጣል፤ አማካዩም ከ63.7 ወደ 68.3 ይዘላል። በዚህ ዓይነት ዕድሜው የገፋው ተማሪ ብዙ ነጥብ፣ ትንሹ ደግሞ ጥቂት ነጥብ ያለ ድካም ያገኛሉ፤ የክፍሉ ደረጃም ይዛባል። እንግዲህ እጩ መምህሩ በዓይኑ አይቶ ሊለየው የሚገባው ይህን ቦታ ነው።

ለመቅረጽ የሚያገለግሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ለዊንዶውስ ስክሪን ቱ ጂፍ፣ ለዊንዶውስና ለማክ ደግሞ ላይስካፕ ይገኛሉ። አንዴ ከተጫኑ በኋላ ለመቅረጽ ኢንተርኔት አያስፈልጋቸውም። ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

ሀ/ ሥራውን በወረቀት ላይ መከፋፈል። ለሮስተሩ ሦስት ጂፍ ይበቃል። አንደኛው አውቶሰም ሲነካ በሚደመሩት ቁጥሮች ዙሪያ የሚታየውን የተቆራረጠ መስመር ያሳያል። ሁለተኛው ኢንተር ከመጫን በፊት ማውሱን በሦስቱ ውጤቶች ላይ ብቻ ጎትቶ ዕድሜን ማስቀረትን፣ ሦስተኛው የሳጥኑን የታችኛውን ጥግ ይዞ ድምሩን ለቀሩት ተማሪዎች ወደ ታች መሳብን ያሳያል።

ለ/ የፕሮግራሙን ክፈፍ በሚፈለገው ቦታ ላይ ብቻ ማጥበብ። ፊደሉና ቁጥሩ ከሩቅ እንዲነበብ ኤክሴሉን አስቀድሞ ማጉላት ይጠቅማል።

ሐ/ መቅረጽ ጀምሮ ማውሱን በዝግታ ማንቀሳቀስ። ወዲያ ወዲህ የሚል ቀስት ተመልካቹን ያደናግራል።

መ/ የመጨረሻውን ሥዕል ለሦስት ሴኮንድ ያህል ማቆየት። ይህ ካልሆነ ተማሪው ውጤቱን ሳያይ ሥራው እንደገና ይጀምራል። በስክሪን ቱ ጂፍ ማረሚያ ውስጥ የማያስፈልጉ ሥዕሎችን መሰረዝና የሚቆዩበትን ጊዜ ማርዘም ይቻላል።

ስለ ፋይሉ ክብደት

ክፈፉ 800 በ600 ፒክስል ቢሆን አንዱ ሥዕል 480,000 ነጥብ አለው። በሴኮንድ 10 ሥዕል ለ8 ሴኮንድ ብንቀርጽ 80 ሥዕል ይሆናል፤ ከመጠቅጠቁ በፊት 38,400,000 ባይት ማለት ነው። ክፈፉን ወደ 400 በ300፣ ሥዕሉንም በሴኮንድ ወደ 5 ብናወርደው 4,800,000 ይሆናል፤ ይኸውም አንድ ስምንተኛ ብቻ። ለማውስ እንቅስቃሴ በሴኮንድ 5 ሥዕል አያንስም። በተጨማሪም ጂፍ ተደጋጋሚ የሆነውን አጠቃሎ ስለሚጽፍ ከጀርባ ያለው ባለ አንድ ቀለም ሲሆን ፋይሉ ይበልጥ ይቀላል። ቀላል ፋይል በፍላሽ ይዞራል፤ በማንኛውም ማሰሻ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል፤ በፓወርፖይንትም ላይ ይንቀሳቀሳል።

ጥንቃቄ

ስክሪን ስንቀርጽ ክፈፉ ውስጥ የገባው ሁሉ ይቀረጻል። ስለዚህ የእውነተኛ ተማሪ ስምና ውጤት ያለበትን ሮስተር ፈጽሞ አንጠቀም፤ የፈጠራ ስምና ቁጥር እንሙላ። ቴሌግራምና ኢሜይልም አስቀድመው ይዘጉ፤ የግል መልእክት በመሐል ብቅ ቢል ፋይሉ ከእጅ ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም።

የጂፍን ወሰን ማወቅም ያስፈልጋል። ተመልካቹ እንደ ቪዲዮ በፈለገበት ቦታ አያቆመውም፤ በወረቀት ሲታተምም አንድ የቆመ ሥዕል ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ከሥሩ የሥራውን ቅደም ተከተል በአጭሩ መጻፍ ይገባል። ረጅም ሥራ ሲሆን ድምፅ ያለው ቪዲዮ ይሻላል። ከሁሉም በላይ ጂፍ እንዴት እንደሚሠራ ያሳያል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም። ዕድሜ ከነጥብ ጋር የማይደመርበትን ምክንያት ማስረዳት የመምህሩ ሥራ ነው።

አንድ ጂፍ ሲያልቅ በኤክሴል ሠርቶ ለማያውቅ ጓደኛ ሰጥቶ ምንም ሳይነግሩት እንዲሠራ ማድረግ ጥሩ መፈተኛ ነው። ከተሳሳተ የተሳሳተበትን እርምጃ ለብቻው አውጥቶ እንደገና መቅረጽ ነው። እንዲህ ተፈትኖ የወጣ ጂፍ በኮምፒዩተር ክፍሉ ቢቀመጥ፣ ለሦስተኛ ጊዜ መጠየቅ ያፈረው ተማሪ አሥር ጊዜም ቢሆን አይቶ ሊሠራ ይችላል። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ብናዘጋጅና ብንለዋወጥ ባጭር ጊዜ ውስጥ ጥሩ ስብስብ ይኖረናል።