ሻወሩ ሲነዝር

ቀደም ሲል ተከራይቼው በነበረ ቤት ሻወር የሚገባው ነጠላ ጫማ ተደርጎ ነበር። በባዶ እግሩ ገብቶ ቧንቧውን የነካ ሰው ጣቱን ጉንዳን የነከሰው ያህል ይሰማዋል። የግቢው ሰው ለምዶት "ትንሽ ይነዝራል እንጂ ምንም አይልም" ይል ነበር። እኔም ቧንቧውን በፎጣ ይዤ ስከፍትና ስዘጋ ወራት አሳለፍኩ። ምን ያህል ተዳፍሬ እንደነበር የገባኝ ኋላ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ነው።

የቤታችን ኮረንቲ 220 ቮልት ነው። የረጠበ ሰውነት ኮረንቲን የመቋቋም አቅሙ ወደ 1,000 ኦም ሊወርድ ይችላል። 220 ለ1,000 ሲካፈል 220 ሚሊአምፒር ይሆናል። 10 ሚሊአምፒር አካባቢ ጡንቻ ተኮማትሮ የያዙትን መልቀቅ ያቅታል፤ ከ30 አልፎ ከቆየ የልብን ምት እስከማዛባት ይደርሳል። የሻወሩ ብሬከር ደግሞ የሚወርደው ከ25 ወይም ከ32 አምፒር በላይ ሲያልፍበት ነው። 220 ሚሊአምፒር ለእሱ ከቁጥር አይገባም። ተራ ብሬከር ሽቦው እንዳይቃጠል ይጠብቃል፤ ሰውን ግን አይጠብቅም።

ስለዚህ የሚነዝር ሻወር አይመረመርም፣ ይዘጋል። ብሬከሩን ያውርዱ፤ ማንም መልሶ እንዳያነሳው ለቤተሰቡ ይንገሩ፤ ባለሙያ ይጥሩ። የማይነዝር፣ ግን በደንብ የማያሞቅ ሻወር ከሆነ ክዳኑን ሳይከፍቱ ብዙ ማወቅ ይችላሉ።

ጨርሶ የማይሞቅ ከሆነ

መጀመሪያ ብሬከሩ አለመውረዱን ይዩ። ቀጥሎ ጆሮዎን ይስጡ። ውሃው እዚያው የሚሞቅበት ሻወር ውስጥ በውሃ ግፊት የምትገፋ ስስ ጎማ አለች። ውሃው ሲገፋት "ቀጭ" ብላ ኮረንቲውን ታገናኛለች፤ ግፊቱ ካነሰ አታገናኝም። ሮቶው ከሻወሩ 2 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ግፊቱ 0.2 ባር ገደማ ነው፤ ለአንዳንድ ሻወሮች ይህ ላይበቃ ይችላል። "ቀጭ" የሚለውን ካልሰሙና ውሃው ቀጭን ከሆነ ችግሩ ከግፊቱ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየተሰማ ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ሳይቃጠል አልቀረም፤ ያ የባለሙያ ሥራ ነው።

የሚሞቀው ለብ ብቻ ከሆነ

ይህ ብዙ ጊዜ ብልሽት አይደለም። 5,500 ዋት የሚስብ ሻወር 16 ዲግሪ የሆነውን የጠዋት ውሃ 38 ዲግሪ ለማድረስ በደቂቃ ከ3.6 ሊትር በላይ ማሳለፍ አይችልም። ብሬከሩን አውርደው ባለ 2 ሊትር ጆግ ከሻወሩ ሥር ያድርጉ። ከግማሽ ደቂቃ በፊት ከሞላ ቧንቧውን ቀነስ ማድረግ ይበቃል።

ማታ ማታ ብቻ የሚቀዘቅዝ ከሆነ የኮረንቲውን መድከም ይጠርጥሩ። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ የሻወሩ ጉልበት የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፤ 5,500 የነበረው ወደ 3,700 ዋት ገደማ ያሽቆለቁላል። ሁሉም ምጣዱን ከጣደበት ሰዓት ትንሽ ቆይቶ መታጠብ ከጥገና ወጪ ያድናል።

በተቃራኒው ውሃው ቀጥኖ የሚያቃጥል ከሆነ ቀዳዳዎቹ ሳይደፈኑ አይቀሩም። ድሬዳዋ ውስጥ ውሃ ሲፈላበት የኖረ ማንቆርቆሪያ ውስጡን ያየ ሰው ያንን ነጭ ቅርፊት ያውቀዋል። ብሬከሩን አውርደው፣ በእጅ የሚፈታውን የወንፊቱን ፊት ብቻ ኮምጣጤ ውስጥ ያሳድሩት።

የፕላስቲክ ቃጠሎ ከሸተተ፣ ሽቦው ከጠቆረ ወይም ብሬከሩ በተነሳ ቁጥር የሚወርድ ከሆነ ምርመራዎ እዚህ ላይ ያበቃል። ብሬከሩን ደጋግሞ ማንሳት እሳት መጋበዝ ነው። መብራት ሄዷል ብለውም ክዳኑን በካቻቢቴ አይፍቱ፤ እጅዎ ሽቦው ላይ እንዳለ መብራቱ ሊመጣ ይችላል።

ባለሙያው ሲመጣ

ሦስት ነገር ይጠይቁት። የሽቦው ውፍረት ከሻወሩ ጋር ይመጣጠናል? 5,500 ዋት 25 አምፒር ይስባልና ለሶኬት የተዘረጋው 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ይግላል። የግራውንድ ሽቦው በእርግጥ መሬት ደርሷል? የብዙ ሻወሮች ሬዚስታንስ ራቁቱን ውሃ ውስጥ የተነከረ ነው፤ የሚያመልጠውን ኮረንቲ ከእኛ ቀድሞ የሚወስደው ያ ሽቦ ነው። በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጠው የኮረንቲ ፍሳሽ መከላከያስ ተገጥሟል? ይህ መሣሪያ የሄደውንና የተመለሰውን ኮረንቲ እያነጻጸረ፣ ልዩነት ሲያይ ሰከንድ ሳይሞላ ይቆርጣል።

እኔ በተከራየሁት ቤት ክዳኑ ሲከፈት አረንጓዴና ቢጫው ሽቦ ተቆርጦ፣ በጥቁር ናስትሮ ተጠቅልሎ ጥግ ላይ ታጥፎ ተገኘ። ባለሙያው መሬት ውስጥ ዘንግ ቀብሮ ሽቦውን አገናኘው፤ መከላከያውንም ገጠመ። ሻወሩ ሲከፈት መከላከያው ወዲያው ቆረጠ። ጎረቤታችን "አዲሱ ዕቃ ተበላሽቷል፣ ይነቀል" አሉ። ዕቃው ደህና ነበር፤ ስንት ወር በእጃችን ውስጥ ሲያልፍ የኖረውን ኮረንቲ አገኘው እንጂ። ሬዚስታንሱ ከተቀየረ በኋላ መከላከያው ዳግም አልቆረጠም። በማግስቱ ፎጣውን መስቀያው ላይ ትቼ ቧንቧውን በባዶ እጄ ከፈትኩት።