ተጨማሪ መረጃ፦ አዲስ ቤት ሲመረጥ

ዳባት ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ደጋ ከተማ ናት። እዚያ አዲስ የጭቃ ቤት ሲገዛ ከቀለሙ በፊት የሚታዩ ነገሮች አሉ።

• ግድግዳ፦ በጣት ይንኳኳ። ባዶ ድምፅ ከሰጠ የሲሚንቶው ልስን ከጭቃው ተላቋል። ጭቃው በደንብ ሳይደርቅ የተለሰነ ቤት ቶሎ ይሰነጠቃል።

• ጣሪያ፦ ኮርኒስ ካልተሠራለት፣ ቀትር ላይ በርና መስኮት ዘግቶ ወደ ላይ ማየት ነው። በሚስማር ቀዳዳ ብርሃን ከገባ ክረምት ላይ ዝናቡም ይገባል።

• መሠረት፦ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ከፍ ካላለ ጎርፍ ግድግዳውን ይበላዋል።

• ሰነድ፦ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። ስለዚህ የይዞታ ማረጋገጫው በሻጩ ስም መሆኑ ይጣራ።