መካከለኛ አፈሙዝ ላለው ሪቮልቨር የመከላከያ ጥይት ስለ መምረጥ

ሰው ራሱን ለመከላከል ሽጉጥ ሲገዛ ስለ ሽጉጡ ብዙ ያስባል፤ ጥይቱን ግን ባለ ሱቁ የሰጠውን ይቀበላል። ነገር ግን ከአፈሙዙ ወጥቶ የሚሄደው፥ አጥቂውንም ሆነ ከአጥቂው በስተኋላ የቆመውን ሰው የሚያገኘው ጥይቱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንድ የተወሰነ ጕዳይ ነው፤ ይኸውም አፈሙዙ 4 ኢንች፥ ማለት 10 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የ.38 ስፔሻል ወይም የ.357 ማግነም ሪቮልቨር ለመከላከያ ሲያዝ ምን ዓይነት ጥይት እንደሚስማማው ነው። ምሳሌዎቻችንን የወሰድነው ከአሜሪካ ነው፤ ይህ መሣሪያ ለብዙ ዘመን የፖሊሶች የዘወትር ትጥቅ የነበረው፥ ስለ ጥይቱም አብዝቶ የተፈተነው በዚያ አገር ስለ ሆነ ነው። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን በቃላቱ እንስማማ። «ጥይት» ስንል ቀለሁን፥ ባሩዱንና ጫፉ ላይ የተተከለውን እርሳስ በአንድነት ነው። «አረር» ስንል ግን ተወርውሮ የሚሄደውን እርሳስ ብቻ ነው። ስድስቱን ጥይት የሚጐርሰውን ተሽከርካሪ ክፍል ደግሞ «ከበሮ» ብለን እንጠራዋለን።

የሪቮልቨር አፈሙዝ ሲለካ ከበሮው አይቈጠርም። የአውቶማቲክ ሽጉጥ አፈሙዝ ግን ጥይቱ የሚተኛበት ቦታ ጭምር ተቈጥሮ ይለካል። ስለዚህ ሁለቱም በወረቀት ላይ 4 ኢንች ቢባሉም ለአረሩ የሚሰጡት መንገድ እኩል አይደለም። ደግሞም በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ስላለ ከጋዙ ጥቂቱ በዚያ በኩል ያመልጣል። ቀድሞ ፋብሪካዎቹ ፍጥነት የሚለኩት ክፍተት በሌለውና ረዘም ባለ የሙከራ አፈሙዝ ስለ ነበረ፥ በመግለጫቸው የሚጻፈው ቍጥርና በእውነት ከሪቮልቨር የሚወጣው ፍጥነት አይገናኙም ነበር። ከ1970ዎቹ ወዲህ ግን የአሜሪካ ፋብሪካዎች ለዚህ ጥይት የሚጠቀሙበት የሙከራ አፈሙዝ ክፍተት ያለውና 4 ኢንች የሆነ ነው። እንግዲህ የፋብሪካው ቍጥር ለእኛ ሪቮልቨር በቀጥታ ይናገራል ማለት ነው። ባለ 2 ኢንች አፈሙዝ የያዘ ሰው ግን ከዚያ ቍጥር ላይ ብዙውን ጊዜ ከ15 እስከ 30 ሜትር በሰከንድ መቀነስ ይኖርበታል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የምርጫው ዋና ነገር የተንጠለጠለው በዚህ ትንሽ ልዩነት ላይ መሆኑን ወደ ኋላ እናያለን።

የ.38 ስፔሻል ጥይት በ19ኛው ምእተ ዓመት መጨረሻ ላይ በስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ የተሠራ ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው የ.38 ሎንግ ኮልት ጥይት የአሜሪካ ሠራዊት በፊሊፒን ደሴቶች ሲዋጋ ተፈትኖ ደካማ ሆኖ ስለ ተገኘ፥ በ1904 ቶምፕሰንና ላጋርድ የተባሉ ሁለት መኰንኖች በቺካጎ የከብት ማረጃ ልዩ ልዩ ጥይቶችን መርምረው ሠራዊቱ ወደ .45 እንዲሄድ መከሩ። ፖሊሶቹ ግን .38 ስፔሻልን ይዘው ቀሩ። ጥይታቸውም 158 ግሬን፥ ማለት 10.2 ግራም የሚመዝን፥ አፍንጫው ድብልብል የሆነ የእርሳስ አረር ያለው፥ ፍጥነቱም 230 ሜትር በሰከንድ የሚሆን ነበር። ይህ አረር በአንድ ጊዜ ሁለት ጕድለት አለበት። አፍንጫው ድብልብል በመሆኑ ሥጋን ገፍቶ ያልፋልና ትቶት የሚሄደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ አጥቂውን ቶሎ አያቆመውም። ቀጥ ብሎም ስለሚሄድ ብዙ ጊዜ በሌላው ወገን ይወጣል፤ ከወጣም በኋላ ማንን እንደሚያገኝ ተኳሹ አያውቅም።

ለዚህ የተገኘው መድኃኒት ጫፉ የተቦረቦረ አረር ነው። አረሩ እርጥብ ነገር ሲመታ ፈሳሹ በጕድጓዱ ውስጥ ገብቶ ጠርዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ አረሩም እንደ እንጕዳይ ራስ ይገለበጣል። ይህን ጊዜ መንገዱ ይሰፋል፥ ጕዞውም ያጥራል። ነገር ግን ጠርዙን የሚገፋው ኃይል የሚገኘው ከፍጥነት ነው። ፍጥነቱ ካነሰ፥ ወይም ወፍራም ልብስ ጕድጓዱን ከደፈነው፥ አረሩ ሳይከፈት ያልፋልና ከድብልብሉ አረር ብዙም አይለይም። በአጭር አፈሙዝ የማይከፈት አረር በ4 ኢንች አፈሙዝ ሊከፈት የሚችለው ስለዚህ ነው፤ ትንሽ ያልነው ልዩነት ዋጋው እዚህ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ ዱምዱም የሚለውን ስም የሚያስታውስ አንባቢ ይኖራል። ስሙ የመጣው በሕንድ አገር በካልካታ አጠገብ ከነበረው የእንግሊዞች የጥይት ፋብሪካ ነው። በ1899 በሄግ የተሰበሰቡ መንግሥታት በሰውነት ውስጥ የሚሰፋ አረርን በጦርነት እንዳይጠቀሙ ቃል ተግባቡ። ኢጣልያም በ1935 እና በ1936 በወረረችን ጊዜ ኢትዮጵያውያን በዱምዱም ይዋጋሉ ብላ ከስሳ፥ ክሱን የመርዝ ጋዟ ማመካኛ አድርጋዋለች። ታዲያ በጦር ሜዳ የተከለከለው አረር በከተማ ፖሊስ እጅ እንዴት ተፈቀደ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ስምምነቱ የተደረገው በመንግሥታት መካከል ለሚሆን ጦርነት ነው። በከተማ ውስጥ ደግሞ ከአጥቂው ኋላ የሚቆመው ሌላ ወታደር ሳይሆን አላፊ አግዳሚው ነው፤ አጥቂው ውስጥ የሚቀር አረር ለዚያ ሰው ሕይወት ነው። የኒው ዮርክ ፖሊስም በ1998 ጫፉ ወደ ተቦረቦረ አረር እንደሚለውጥ ሲያስታውቅ ያቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር። ክርክሩ በዚህ አልቋል አንልም፤ የፖሊሶቹ ምክንያት ግን ሚዛን ይደፋል ብለን እናምናለን።

አረሩ መስፋቱ ብቻውን እንደማይበቃ ደግሞ የ1986 የማያሚ ውጊያ አሳየ። በዚያ ዓመት በሚያዝያ 11 ቀን የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረቦች ከሁለት የባንክ ዘራፊዎች ጋር ተታኰሱ። ከባልደረቦቹ አንዱ በ9 ሚሊሜትር አውቶማቲክ የተኰሰው ቀላል አረር በአንደኛው ዘራፊ ክንድ አልፎ ደረቱ ውስጥ ገባ፤ ሰፍቶ ነበርና ልቡ ሳይደርስ ቆመ። ዘራፊው ከዚያም በኋላ መዋጋቱን ቀጠለ፤ ሁለት የኤፍ.ቢ.አይ. ባልደረቦች ሞቱ፥ አምስት ቈሰሉ። ውጊያውን የጨረሰው ክፉኛ የቈሰለው ኤድሙንዶ ሚሬሌስ ሲሆን፥ በመጨረሻ የተኰሰበትም መሣሪያ .38 ስፔሻል የጐረሰ ሪቮልቨር ነበር።

ከዚህ በኋላ ኤፍ.ቢ.አይ. ምርመራውን አጠናከረ። የመለኪያው መሠረት ከ10 በመቶ ጀላቲንና ከውኃ የተሠራ፥ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የቀዘቀዘ ጡብ ነው፤ ይህም የሥጋን መቋቋም በጥሩ ሁኔታ ይተካል። አረሩ ልብስንና ሌሎች መሰናክሎችን አልፎ በጀላቲኑ ውስጥ ቢያንስ 12 ኢንች (30 ሴንቲሜትር) እንዲገባ፥ ከ18 ኢንችም (46 ሴንቲሜትር) እንዳያልፍ ተወሰነ። ሰው ደረቱ 30 ሴንቲሜትር አይሆንም ብሎ የሚገረም ይኖራል። ነገር ግን አጥቂ ሁልጊዜ ፊት ለፊት አይቆምም፤ ጐኑን ይሰጣል፥ ክንዱን ያስቀድማል፤ የማያሚው አረር የቀረው በዚሁ ምክንያት ነው። የሽጉጥ አረር የሚያጠፋው የነካውን ብቻ ነውና፥ መድረስ ከመስፋት ይቀድማል።

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። በ.357 ማግነም ጥይቶች መካከል ስሙ የገነነው 125 ግሬን (8.1 ግራም) የሚመዝነውና ከ4 ኢንች አፈሙዝ በ440 ሜትር በሰከንድ ገደማ የሚወጣው ነው። ሒሳቡን ብንሠራው ጕልበቱ 784 ጁል ይሆናል፤ የድሮው የ.38 አረር ጕልበት 270 ጁል ነበር። ይህ የሚያስጐመጅ ነው፤ ዳሩ ግን ዋጋ አለው። ሪቮልቨሩ 1 ኪሎግራም ቢመዝን፥ የባሩዱን ጋዝ ሳንቈጥር፥ በድሮው ጥይት ወደ ኋላ የሚራገጥበት ጕልበት 2.8 ጁል ያህል ሲሆን በማግነሙ 6.3 ጁል ይደርሳል፤ ከእጥፍ ይበልጣል። ጩኸቱ በቤት ውስጥ ጆሮ ይጐዳል፤ ብልጭታው በጨለማ ዓይን ይጋርዳል። ሁለተኛው ጥይት ዘግይቶ የሚተኰስ ከሆነ የመጀመሪያው ብርታት ምን ይጠቅማል? እንደ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 19 ባሉ መካከለኛ ሪቮልቨሮችም ላይ ይህ ቀላልና ፈጣን አረር ሲበዛ የአፈሙዙን ሥር እስከ መሰንጠቅ ደርሷል።

ስለዚህ እኛ የምንመርጠው በ1970ዎቹ «የኤፍ.ቢ.አይ. ጥይት» የሚል ስም የወጣለትን ነው። 158 ግሬን የሚመዝን፥ ልባስ የሌለው፥ ጫፉ የተቦረቦረ ለስላሳ እርሳስ ሲሆን፥ ግፊቱ ከተራው .38 ከፍ ያለ ነው፤ ፍጥነቱም 270 ሜትር በሰከንድ፥ ጕልበቱም 372 ጁል ገደማ ነው። እርሳሱ ለስላሳ ስለ ሆነ በዚህ ፍጥነት ለመከፈት ይቀለዋል፤ ባይከፈት እንኳ ክብደቱ ጥልቅ ያደርሰዋል፥ የአፍንጫውም ጠርዝ እንደ ድብልብሉ አይንሸራተትም። ለ2 ኢንች አፈሙዝ ቢሆን ምርጫችን ይለወጥ ነበር፤ ስፒር የተባለው ፋብሪካ ለአጭር አፈሙዝ ብሎ የሠራው የ135 ግሬን አረር በዚያ ይሻላል።

ከፍ ያለ ግፊት ስንል ምን ያህል ነው? የአሜሪካ ፋብሪካዎች ማኅበር ለተራው .38 ስፔሻል የወሰነው ግፊት 17,000 ፓውንድ በካሬ ኢንች ሲሆን፥ በቀለሁ ላይ «ፕላስ ፒ» የሚል ምልክት ላለበት 20,000 ነው። ለማግነም 35,000 ነው። እንግዲህ የማግነም ሪቮልቨር ይህን ጥይት ያለ ሐሳብ ይተኵሳል፤ በአሮጌ የ.38 ሪቮልቨር ግን ሠሪው ካልፈቀደ አይሞከርም።

ብዙዎች የሚዘነጉት የማነጣጠሪያው ነገር ነው። የድሮዎቹ የፖሊስ ሪቮልቨሮች ማነጣጠሪያቸው የማይንቀሳቀስ ሲሆን የተስተካከለውም ለ158 ግሬን አረር ነው። ቀላልና ፈጣን አረር ከአፈሙዙ ቶሎ ይወጣል፤ ሽጉጡ ወደ ላይ ሳይነሣ ስለሚወጣም ዝቅ ብሎ ይመታል። ከባዱና ዝግተኛው ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚህ የሚያዘውን ጥይት በራሱ ሪቮልቨር ዒላማ ላይ ተኵሶ ያላየ ሰው የት እንደሚመታ አያውቅም፤ በርካሽ ጥይት የተለማመደም በዚሁ ጥይት ጥቂት ከበሮ መተኰስ አለበት።

በማግነም ከበሮ ውስጥ .38 ሲተኰስ፥ ቀለሁ ስለሚያጥር፥ ከፊቱ የጥላሸትና የእርሳስ ቀለበት ይቀራል፤ ካልተጠረገ በኋላ ረጅሙ ጥይት ሲገባ ይይዘዋል። ዘይቱም በጥይቱ ላይ መቅረት የለበትም፥ መቀጣጠያውን ያበላሻልና። ከበሮው ከሞላ በኋላ የስድስቱም ቀለህ መቀጣጠያ ወደ ውጭ ያላበጠ መሆኑ በጣት ይዳሰሳል፤ ያበጠ ካለ ከበሮው ሲዞር ይነክሳልና ያ ጥይት ወጥቶ በሌላ ይተካል።