ዓሣው አልሞተም፤ ወንዙስ ጸድቷል?

ወንዝ መበከል አለመበከሉን ለማወቅ ውሃ ይቀዳና ይመረመራል። ውሃው ግን የሚናገረው ስለተቀዳበት ቀን ነው። መርዙ በወንዙ ውስጥ በሚኖሩ እንስሳት ላይ ትውልድ በትውልድ ያደረሰውን ለማወቅ የእነሱኑ ዘረመል ማንበብ ይጠይቃል።

የኒውዮርኩን ሃድሰን ወንዝ እንውሰድ። ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ሁለት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ፋብሪካዎች ፒሲቢ የተባለ ኬሚካል ሲለቁበት ኖረዋል። ፒሲቢ እሳት በቀላሉ ስለማይበግረው ለኤሌክትሪክ ዕቃዎች ተመራጭ ነበር። ይኸው ጥንካሬው ወንዝ ውስጥ ጦስ ሆነ፤ በቶሎ አይበሰብስም፣ ደለል ውስጥ ይቀበራል፣ በእንስሳት ስብ ውስጥ ይከማቻል።

ቶምኮድ የተባለ ትንሽ ዓሣ እዚያው ደለሉ ላይ ይመገባል። ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም። ምክንያቱን በ2011 የታተመ ጥናት ገለጠው። በዓሣው ሴል ውስጥ ፒሲቢ እንደ ቁልፍ የሚገባበት፣ ኤኤችአር 2 የሚባል ፕሮቲን አለ። ቁልፉ ሲገባ ያለጊዜያቸው የሚነቁ ዘረመሎች አሉ፤ የሽሉ ልብም ተበላሽቶ ያድጋል። በሃድሰን ቶምኮዶች ግን ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል ስድስት ፊደል ጎድሎታል። በመቶ ሚሊዮኖች ከሚቆጠሩ ፊደላት ስድስት ብቻ! በዚህም ፕሮቲኑ ሁለት አሚኖ አሲድ አጣ፤ መርዙም እንደ ድሮው አጥብቆ ሊይዘው አልቻለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፦ ዓሣው መርዙን «ለመደው» ይላል። ነገሩ ሌላ ነው። ጉድለቱ ያለባቸው ጥቂት ዓሦች አስቀድሞም እንደነበሩ ይገመታል፤ በሌሎች ወንዞች ዛሬም አልፎ አልፎ ይገኛሉ። መርዙ ሌሎቹን ሲፈጅ የእነዚህ ልጆች ወንዙን ሞሉት። አሁን በሃድሰን ጉድለቱ የሌለበት ቶምኮድ ማግኘት ብርቅ ነው። ለዝግመተ ለውጥ ጥቂት አሥርት ዓመታት ዓይን ከመጨፈን አይበልጡም፤ ይህን ያህል ፍጥነት የእልቂቱን ክብደት ያሳያል። የትኛውም የውሃ ናሙና ይህን አይነግረንም።

የዳነው ዓሣ ታዲያ መርዙን ከሰውነቱ አላስወጣም፤ ተሸክሞት ይዋኛል። ትልቁ ዓሣ ይበላዋል፣ ፒሲቢውም ወደ ትልቁ ሥጋ ይሸጋገራል። እኛም የዚያው ፕሮቲን ዘመድ በሴሎቻችን ውስጥ አለን፤ ያ የስድስት ፊደል ጉድለት ግን የለንም። በዚህም የተነሳ ፋብሪካዎቹ በነበሩበት በላይኛው ሃድሰን ዓሣ አጥማጅ የያዘውን ሁሉ ወደ ውሃው እንዲመልስ ሕግ ያስገድደዋል።