ብርሃን ፕሮቶንን ሲመታ
(በሬዲዮ ከተሰጡት የዕውቀት ንግግሮች የተወሰደ)

ወደ ገበያ ወጥታ ጋን የምትገዛ ባለሞያ እመቤት ጋኑን በጣቷ መትታ ድምፁን ሳትሰማ ገንዘቧን አትከፍልም። ጋኑ ደኅና እንደ ሆነ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ግን ዐይን ያላየውን ስንጥቅ ጆሮ ይደርስበታል። በዘመናችን ያሉ የፊዚክስ ሊቃውንትም በዐይን የማይታየውን፣ በእጅም የማይዳሰሰውን ፕሮቶንን የሚመረምሩት በዚሁ ዘዴ ነው። የሚመቱበት ጣት ብርሃን ነው፤ የሚያዳምጡትም ድምፅ ሜሶን የሚባለው አጭር ዕድሜ ያለው ፍጥረት ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ አመታትና ስለዚህ ድምፅ ይሆናል።

በመጀመሪያ ፕሮቶን ምን እንደ ሆነ እናስታውስ። ግዙፍ ነገር ሁሉ ከአቶም የተሠራ መሆኑን፣ በአቶሙም እምብርት ኑክሊየስ የሚባል ክፍል መኖሩን በትምህርት ቤት ሳለን ተምረናል። ኑክሊየሱ ከፕሮቶንና ከኒውትሮን የተሠራ ነው። የሃይድሮጅን ኑክሊየስ ግን አንድ ፕሮቶን ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሮቶንን ለመምታት የፈለገ ሊቅ ሃይድሮጅንን አቀዝቅዞና ፈሳሽ አድርጎ ዒላማው ያደርገዋል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. መሪ ጌልማንና ጆርጅ ዝዋይግ፣ እያንዳንዳቸው በየግላቸው፣ ፕሮቶን ራሱ ኳርክ ከሚባሉ ሦስት ታናናሽ ነገሮች የተሠራ ነው የሚለውን ሐሳብ አቀረቡ። ኳርኮቹን አጣብቆ የሚይዛቸው ደግሞ ግሉዮን ይባላል። እጅግ የሚያስደንቀው የሦስቱ ኳርኮች ክብደት በአንድነት ቢደመር ከፕሮቶኑ ክብደት ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ መሆኑ ነው። የቀረው ክብደት የሚገኘው በፕሮቶኑ ውስጥ ከሚካሄደው እንቅስቃሴና ከማያያዣው ኀይል ነው። እንግዲህ እኔም እናንተም በሚዛን ላይ ስንወጣ የምናነበው ቍጥር፣ አብዛኛው የዚሁ የተሰወረ ኀይል ክብደት ነው ማለት ነው። የፕሮቶንን ውስጥ መመርመር የገዛ ሰውነታችንን ሒሳብ መመርመር ነው የምንለውም ስለዚህ ነው።

ሜሶንስ ምንድር ነው? በ1935 ዓ.ም. ሂዴኪ ዩካዋ የተባለው የጃፓን ሊቅ ፕሮቶንና ኒውትሮንን በኑክሊየስ ውስጥ የሚያስተሳስር፣ ክብደቱም በኤሌክትሮንና በፕሮቶን መካከል የሆነ አንድ ነገር ሊኖር ይገባል ብሎ በሒሳብ ተነበየ። ትንቢቱ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ሴሲል ፓወልና ባልደረቦቹ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ በተመለከቱ ጊዜ ተፈጸመ። ያገኙት ነገር ፓዮን የተባለው ሜሶን ነበረ። ዛሬ ብዙ ዐይነት ሜሶን ይታወቃል፤ የተለመዱት ሜሶኖችም ከአንድ ኳርክና ከአንድ ተቃራኒ ኳርክ የተሠሩ ናቸው።

አሁን ወደ አመታቱ እንመለስ። ብርሃን በጥቂት በጥቂቱ ተቈጥሮ የሚጓዝ ነው፤ እያንዳንዱም ቍራጭ ፎቶን ይባላል። ሊቃውንት የፎቶንን ጉልበት የሚለኩበት መስፈሪያ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ለዐይናችን የሚታየው ብርሃን አንዱ ፎቶን ሁለት ወይም ሦስት ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ይይዛል። ይህን በመሰለ ብርሃን ፕሮቶን ቢመታ ሜሶን አይወለድም። ከሜሶኖች ሁሉ ቀላል የሆነው፣ ኤሌክትሪክ የሌለው ፓዮን፣ እንዲወለድ ፎቶኑ 145 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ሊኖረው ይገባል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜሶኑ በፕሮቶኑ ውስጥ ተደብቆ ቈይቶ በመመታቱ ተስፈንጥሮ የወጣ አይደለም። አልበርት አይንስታይን እንዳስተማረው ጉልበት ወደ ክብደት ይለወጣልና፣ የፎቶኑ ጉልበት ራሱ ሜሶን ሆኖ ይወለዳል። የፓዮኑ ክብደት በዚሁ መስፈሪያ 135 ሚሊዮን ነው። ታዲያ 145 ለምን አስፈለገ ቢባል፣ ከታንኳ ላይ ወደ ባሕር ዳር የሚዘል ሰው ታንኳውን ወደ ኋላ እንደሚገፋው፣ ፎቶኑም ከጉልበቱ ከፊሉን ለተመታው ፕሮቶን መንቀሳቀሻ መክፈል ስላለበት ነው። በ1950 ዓ.ም. በአሜሪካ በበርክሌይ ጃክ ስታይንበርገር፣ ወልፍጋንግ ፓኖፍስኪና ጃክ ስቴለር ኤሌክትሪክ የሌለው ፓዮን መኖሩን ያስመሰከሩት በዚህ ዐይነት፣ በብርሃን በማስወለድ ነው። ፓዮኑ ወዲያው ሞቶ ወደ ሁለት ፎቶኖች ስለሚለወጥ፣ ሁለቱን ፎቶኖች አንድ ላይ ማየት እናታቸውን እንደ ማየት ተቈጠረ።

ፕሮቶን በፎቶን ሲመታ ግን ሁልጊዜ በቀጥታ ሜሶን አያስገኝም። ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ራሱ ይናወጣል፤ እንደ ተመታ ክራርም ቃና ያወጣል። ለቅጽበት ያህል ከብዶ ይቈይና ሜሶን ተፍቶ ወደ ጸጥታው ይመለሳል። ከእነዚህ ቃናዎች የመጀመሪያው ዴልታ ይባላል፤ ኤንሪኮ ፌርሚና ጓደኞቹ በ1952 ዓ.ም. በቺካጎ በፓዮን ጨረር ፕሮቶንን ሲመቱ ምልክቱን አይተዋል።

ከዚህ በኋላ ነው ዋናው ችግር የመጣ። ሦስት ኳርኮች ሊያወጡት የሚችሉት ቃና ሁሉ በሒሳብ ሲዘረዘር፣ በሙከራ ከተገኘው እጅግ የበዛ ሆነ። ይህም በመሥሪያ ቤት ከምናውቀው ጉዳይ ጋራ ይመሳሰላል፤ በመደብ ዝርዝሩ ላይ የሥራው ቦታ ተመልክቷል፣ ወንበሩም ተቀምጧል፣ ሠራተኛው ግን የለም። ተቈጣጣሪው ሁለት ነገር ሊጠረጥር ይችላል። አንደኛው ዝርዝሩ የተሳሳተ መሆኑ ነው፤ ይኸውም ከሦስቱ ኳርኮች ሁለቱ ተጣብቀው እንደ አንድ የሚንቀሳቀሱ እንደ ሆነ የቃናው ቍጥር ያንሳል። ሁለተኛው ዝርዝሩ ትክክል ሆኖ ሳለ ተቈጣጣሪው ሁልጊዜ በአንድ በር ብቻ እየገባ በሌላው በር የሚወጡትን አለማየቱ ነው። በእርግጥም የቀደሙት ምርመራዎች አብዛኛዎቹ የተደረጉት በፓዮን ጨረር ነበር። ከፓዮን ጋራ እምብዛም የማይገናኝ ቃና ቢኖር በዚያ በር አይታይም። ስለዚህ ሌላ በር ማንኳኳት አስፈለገ፤ ያም በር ብርሃን ነው።

ነገር ግን ብርሃንም ብቻውን አልበቃም። ቃናዎቹ ዕድሜያቸው እጅግ አጭር በመሆኑ አንዱ ከሌላው ጋራ ይደባለቃሉ። ብዙ መዘምራን በአንድነት ሲያዜሙ ከውጭ ቆሞ የሚሰማ ሰው የድምፁን ከፍታ ይሰማል እንጂ የመዘምራኑን ቍጥርና የእያንዳንዱን ዜማ ለይቶ መናገር አይችልም። ለመለየት የሚረዳው ዘዴ ፖላራይዝድ ብርሃን ነው።

ይህ ቃል እንዳያስፈራችሁ በገመድ እናስረዳው። አንድ ገመድ ከምሰሶ ላይ አስራችሁ ጫፉን ወደ ላይና ወደ ታች ብታወዛውዙት ማዕበሉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ብታወዛውዙት ደግሞ ጋደም ብሎ ይሄዳል። ብርሃንም የኤሌክትሪክና የማግኔት ማዕበል ስለ ሆነ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ አለው። ከፀሐይ የሚመጣው ብርሃን በየአቅጣጫው የተደበላለቀ ነው። ከዝናብ በኋላ ከአስፋልት ላይ ተንጸባርቆ ዐይናችንን የሚወጋው ግን አብዛኛው ጋደም ብሎ የሚወዛወዝ ነው። ይህንን ጠባይ በ1808 ዓ.ም. ኤትየን ሉዊ ማሉስ የተባለ ፈረንሳዊ ፓሪስ ላይ ከመስኮት መስተዋት የተንጸባረቀውን የፀሐይ ብርሃን በአንድ ድንጋይ ክሪስታል ሲመለከት ደረሰበት። እንግዲህ ማዕበሉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚወዛወዝ ብርሃን ፖላራይዝድ ይባላል።

ፕሮቶን በእንዲህ ያለ ብርሃን ሲመታ ሜሶኖቹ በዙሪያው እኩል አይበተኑም፤ ከብርሃኑ መወዛወዣ አቅጣጫ አንጻር በአንዱ ወገን ይበዛሉ፣ በሌላው ያንሳሉ። የብዛቱና የማነሱ ልክ እንደ ቃናው ዐይነት ይለያያል። በዚህም ተደባልቆ የነበረው ማኅበር አንዱ ከአንዱ መለየት ይጀምራል።

እንዲህ ያለውን ብርሃን ማግኘት ቀላል ሥራ አይደለም። በአሜሪካ በቨርጂኒያ ግዛት በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የጀፈርሰን ቤተ ሙከራ ይገኛል። በዚያ በምድር ውስጥ በተሠራ ዋሻ ኤሌክትሮኖች እየተገፉ እስከ 12 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይደርሳሉ። ከዚያም ግሉኤክስ ወደሚባለው ምርመራ አዳራሽ ሲሄዱ እጅግ ስስ በሆነ የአልማዝ ቅጠል ውስጥ ያልፋሉ። ኤሌክትሮኑ በአልማዙ ውስጥ ሲገታ ፎቶን ያወጣል። በአልማዝ ውስጥ አቶሞቹ እንደ ሰልፈኛ ወታደር ተሰልፈው ስለሚገኙ፣ ቅጠሉ በትክክል ከተዘነበለ የሚወጣው ብርሃን አቅጣጫ ይይዛል። ለዚሁ በተመረጠው ጉልበት፣ በ9 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ፣ የፖላራይዝድነቱ መጠን ከመቶ ከሠላሳ አምስት እስከ አርባ ያህል ነው። ጨረሩም 75 ሜትር ያህል ርቆ በተተከለ ጠባብ ቀዳዳ አልፎ ጥሩው እጅ ብቻ ተመርጦ ወደ ፈሳሹ ሃይድሮጅን ይደርሳል።

የእያንዳንዱ ፎቶን ጉልበት እንዴት ይታወቃል ቢባል፣ እንደ ገንዘብ ያዥ ሒሳብ ነው። ፎቶን ያወጣው ኤሌክትሮን በማግኔት ተጠምዝዞ ወደ መቍጠሪያ ይገባና የቀረው ጉልበት ይለካል። 12 ቢሊዮን ይዞ የገባ ኤሌክትሮን 3 ቢሊዮን ይዞ ከተገኘ፣ 9 ቢሊዮኑን ለፎቶኑ ሰጥቷል ማለት ነው። ገቢና ወጪ ሳይመሳከር የሚመዘገብ ነገር የለም።

በዚህ ሥራ ላይ ሌላም የሚደነቅ ጥንቃቄ አለ። የመለኪያው መሣሪያ በአንድ ወገን ደካማ ቢሆን ሜሶኖቹ በዚያ ያነሱ መስሎ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ሊቃውንቱ አልማዙን እያዞሩ ብርሃኑን አንድ ጊዜ ጋደም፣ አንድ ጊዜ ቀጥ ብሎ እንዲወዛወዝ ያደርጉና ሁለቱን ቍጥር ያስተያያሉ። የመሣሪያው ጕድለት በሁለቱም ጊዜ ያው ስለ ሆነ በማስተያየቱ ይሰረዛል። በሚዛኑ የሚጠራጠር ሐቀኛ ነጋዴ ዕቃውንና ድንጋዩን አለዋውጦ እንደገና እንደሚመዝን መሆኑ ነው።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ ምን ሆነ? ሦስቱን ብቻ ልጥቀስ። በ1997 ዓ.ም. በጀርመን አገር በማይንዝ የተሠሩ ሊቃውንት ፖላራይዝድ ፎቶን ፕሮቶንን ወደ ዴልታ ሲያናውጠው የሚታየውን ሁኔታ መረመሩ። ሁሉ ነገር እንደ ኳስ ፍጹም ክብ ቢሆን ኖሮ ፈጽሞ ሊታይ የማይገባው አንድ ዐይነት መናወጥ፣ ከዋናው ጋራ ሲነጻጸር ከመቶ ሁለት ተኩል ያህል ሆኖ ተገኘ። ይህ ትንሽ ቍጥር ፕሮቶን ወይም የተናወጠው መልኩ ፍጹም ክብ አለመሆኑን አመለከተ። ተራ ብርሃን ይህን ትንሽ ድምፅ ከትልቁ ሊለየው ባልቻለም ነበር።

ሁለተኛው የጠፉት ሠራተኞች ጉዳይ ነው። የዓለም ሊቃውንት በየጊዜው በሚያወጡት የፍጥረታት መዝገብ እያንዳንዱ ቃና እንደ ማስረጃው ጥንካሬ ከአንድ እስከ አራት ኮከብ ይሰጠዋል። ክብደቱ 1900 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ የሆነ አንድ ቃና ለብዙ ጊዜ በሁለት ኮከብ ተጠርጥሮ ሲኖር፣ በብርሃን ከተገኘው የሜሶን ምርመራ የተነሣ በ2012 ዓ.ም. ሦስት፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኮከብ አገኘ። ሁለቱ ኳርኮች ተጣብቀው ይኖራሉ ለሚለው ሐሳብ ይህ ቃና ከባድ ተቃዋሚ ነው። ስለዚህ ከፊሉ ሠራተኛ በእርግጥ በሌላው በር ሲወጣ የነበረ መሆኑ ታወቀ። ሆኖም በርካታ ወንበሮች ዛሬም ባዶ ናቸው፤ ምርመራውም አልተዘጋም።

ሦስተኛው ግሉኤክስ በ2017 ዓ.ም. ያሳተመው የመጀመሪያ ውጤት ነው። በ9 ቢሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ፓዮንና ኤታ የተባለው ሜሶን ሲወለዱ፣ በፎቶኑና በፕሮቶኑ መካከል የሚመላለሰው መልእክተኛ ከሁለት ወገኖች ከየትኛው እንደ ሆነ የብርሃኑ አቅጣጫ ይመሰክራል። መለኪያው ወደ አንድ ሲጠጋ መልእክተኛው ከአንደኛው ወገን፣ ከዜሮ በታች ወደ አንድ ሲወርድ ከሁለተኛው ወገን ነው። የተገኘው ቍጥር ለአንድ የቀረበ ስለ ሆነ፣ አንደኛው ወገን የበላይ መሆኑ ተረጋገጠ። ይህም ምርመራው ወደ ፊት ለሚፈልገው ነገር፣ ይኸውም ግሉዮኑ ራሱ ተሳታፊ ሆኖ ለሚታይበት እንግዳ ሜሶን፣ መንገድ ጠራጊ ነው።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ይህ ዕውቀት ነገ እንጀራ ይጋግራል፣ መንገድም ይሠራል ብዬ ላባብላችሁ አልፈልግም። ነገር ግን ከዚህ ሥራ ሁላችንም የምንማረው ነገር አለ። ዝርዝሩና የተገኘው ሳይስማሙ ሲቀሩ ሊቃውንቱ ዝርዝሩን አልቀደዱትም፤ ያልተገኘውንም ተገኘ ብለው አልጻፉም። በሌላ በር ሄደው አንኳኩ፣ ሚዛናቸውን ገልብጠው መዘኑ፣ ገቢና ወጪውን አመሳከሩ፤ እርግጠኛ ላልሆኑበትም ኮከቡን ነፈጉት። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ያውቁት ኖሯል። ማንም ሰው በነገ ጧት በጠረጴዛው ላይ ያልተገጣጠመ ሒሳብ ቢያገኝ፣ በአልማዙ በኩል የሚያልፈውን ብርሃን ያስብ፤ ሁለተኛም ገልብጦ ይመዝን።