የኮንሰርት ትኬት ውስጥ የተደበቀው ሂሳብ

አዲስ አበባ ውስጥ ትልቅ ኮንሰርት ሲታወጅ ከድምፃዊው ስም ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ «ትኬቱ ስንት ነው?» የሚል ነው። ዋጋው ሲነገር ደግሞ አብዛኛው ሰው አዘጋጁን በስግብግብነት ያማል። እኔ የቀጥታ ሙዚቃ ነገር የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። ቤዙ ደረት ላይ ሲያርፍ፣ ሕዝቡ አዝማቹን ከድምፃዊው ተቀብሎ ሲጨርሰው፣ ሳክስፎን ተጫዋቹ አልበሙ ላይ የሌለ ዜማ ሲያወጣ ቆሞ ማየትን የሚያህል ደስታ አላውቅም። ስለዚህ የትኬቱ መወደድ እኔንም ያመኛል። ሂሳቡን ዘርዝሬ ሳየው ግን ከምንከፍለው ላይ ጥቂት የማይባለው ለሙዚቃውም ለትርፍም ሳይሆን ለስጋት የሚሄድ ነው።

በመጀመሪያ ገንዘቡ ከየት ወዴት እንደተሸጋገረ እንይ። በካሴት ዘመን ሙዚቃ ቤቶች አልበሙን ከድምፃዊው ላይ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዙ ነበር። ካሴቱ በርካሽ መባዛት ሲጀምር፣ ቀጥሎም ሲዲው፣ ፍላሹና ስልኩ ሲመጡ ያ ገበያ ተናደ። በ1996 ዓ.ም የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለባለሙያው መብት ሰጠ፤ የጠፋውን ገዢ ግን መመለስ አልቻለም። ዛሬ ብዙ ድምፃዊ አልበም የሚያወጣው መድረክ ለማግኘት ነው። እንጀራው ያለው መድረኩ ላይ ነው።

በሌላውም ዓለም የሆነው ይኸው ነው። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አለን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1996 እስከ 2003 በአገራቸው የኮንሰርት ትኬት አማካይ ዋጋ 82 በመቶ ሲያድግ አጠቃላይ የሸማቾች ዋጋ ያደገው 17 በመቶ እንደነበር አሳይተዋል። ማብራሪያቸው ቀላል ነው። ቀድሞ ትኬትን በርካሽ መሸጥ ያዋጣ ነበር፤ አዳራሹን የሞላው ሰው በማግስቱ አልበሙን ይገዛልና። አልበም የሚገዛ ሲጠፋ ትኬትን የማርከስ ምክንያትም አብሮ ጠፋ።

የእኛ አገር ግን በዚህ ላይ የራሱን ሸክም ጨምሮበታል። ኮንሰርት የሚያዘጋጅ ሰው ለድምፃዊውና ለባንዱ ቀብድ ይከፍላል፤ አዳራሽ ይይዛል፤ ሳውንድና መብራት ይከራያል፤ መድረክ ያስተክላል፤ ማስታወቂያ ያስነግራል፤ መብራት ቢጠፋ ተብሎ ጀኔሬተር ያቆማል። አብዛኛው ወጪ የሚወጣው አንድ ተመልካች እንኳ በር ሳይደርስ ነው። ሌሊቱ ሲነጋ ያልተሸጠ ትኬት ዋጋ የለውም፤ ለነገ የሚቀመጥ ዕቃ አይደለም።

በምሳሌ እናስላው። አንድ ኮንሰርት 10 ሚሊዮን ብር ይፈጃል፣ 5 ሺህ ሰው ይገባል እንበል። ግብርና ትርፍን ለጊዜው ብንተው ወጪውን ለመመለስ ትኬቱ 2,000 ብር መሆን አለበት። አሁን ደግሞ እንዲህ ካሉ አምስት ኮንሰርቶች አንዱ፣ 6 ሚሊዮን ብር ከወጣበት በኋላ፣ በዋዜማው ይሰረዛል እንበል። የትኬቱ ገንዘብ ለገዢው ይመለሳል፤ ስድስቱ ሚሊዮን ግን ቀለጠ። አዘጋጁ ያንን ኪሳራ በቀሩት አራት ኮንሰርቶች ላይ ካላወጣው በቀር ሥራው ውስጥ መቆየት አይችልም። ሲሰላ ትኬቱ 2,300 ብር ይገባል። ሦስት መቶ ብሩ፣ ማለትም የመነሻው ዋጋ 15 በመቶ፣ የስጋት ክፍያ ነው። ከተጨማሪ እሴት ታክስ ጋር እኩል መጣኔ ያለው፣ መንግሥት ግን አንድ ሳንቲም የማያገኝበት ክፍያ!

የመሰረዝ ነገር የሐሳብ ምሳሌ ብቻ እንዳይመስል፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም የቴዲ አፍሮ «ኢትዮጵያ» አልበም የምረቃ ዝግጅት በሂልተን ሆቴል ሊካሄድ ሲል በፖሊስ መቆሙን ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። ድምፃዊው ባሕር ዳር ላይ ኮንሰርቱን ያቀረበው በጥር 2010 ዓ.ም ነው። አንዳንዴ ለመሰረዝ በቂ ምክንያት ይኖራል፤ የጸጥታ ችግር ወይም ብሔራዊ ሐዘን ይገጥማል። እኔን የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በዚያው ምሳሌያችን ክልከላው ከወር በፊት ቢነገርና አዘጋጁ ያወጣው 1 ሚሊዮን ብር ብቻ ቢሆን፣ የስጋቱ ክፍያ ከ300 ወደ 50 ብር ይወርዳል።

ስጋቱ የአድናቂውንም ጠባይ ለውጦታል። በሩ ላይ የሚሆነውን ላየ ይገባዋል። ሊጀመር ሁለት ሰዓት ሲቀረው አጥሩን ይዞ የተሰለፈው ወጣት ስልኩን ከፍ አድርጎ በቴሌብር ይከፍላል፤ አየር በአየር የሚሸጡት ትኬት በእጃቸው ይዘው በሰልፉ መሃል ይመላለሳሉ። ያ ወጣት ትኬቱን ከሁለት ሳምንት በፊት ያልገዛው «ቢሰረዝስ?» ብሎ ነው። አዘጋጁ በበኩሉ ከቅድመ ሽያጭ ገንዘብ ስለማያገኝ ይበደራል፤ ወለዱንም ትኬቱ ላይ ይጨምራል።

ቀድሞ ይህን ክፍተት የሚሞላው የቢራ ስፖንሰር ነበር። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከብሮድካስት ሲያስወጣና ስፖንሰርነቱንም ሲያጠብ፣ ያ ገንዘብ ሳሳ። ለወጣቱ ጤና የተወሰደውን እርምጃ እደግፋለሁ፤ የጎደለውን የሸፈነው ግን ትኬት ገዢው ነው።

ዶላሩም አለ። የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የሚያሰናዳው ዓመታዊ ውድድር ሲደርስ ብዙ ድምፃውያን ወደዚያው ይጎርፋሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። እዚያ የሚከፈለው ክፍያ በብር ሲመነዘር እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ድምፃዊውን አዲስ አበባ ላይ ማቆየት የሚፈልግ አዘጋጅ ከዚያ ጋር መፎካከር አለበት።

ሌሎች አገሮች ኮንሰርትን የሚያዩት እንደ ገቢ ምንጭ ነው። የሲንጋፖር መንግሥት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ቴይለር ስዊፍት ስድስት ሌሊት እንድታቀርብ ድጎማ ሰጥቷል፤ ሆቴሉ፣ ምግብ ቤቱና ታክሲው ከሚያገኙት እንደሚመለስለት አስልቶ ማለት ነው። እኛ ድጎማ እንስጥ አልልም፤ አቅማችን ለሌላ ይፈለጋል። በጥር 2017 ዓ.ም ማህሙድ አህመድ ሚሌኒየም አዳራሽ ላይ ሕዝቡን የተሰናበተበት ዓይነት ምሽት እንዲበዛ የሚያስፈልገው ከዚያ በእጅጉ የረከሰ ነገር ነው፤ ታውቆ የተቀመጠ ቀነ ገደብ።

ከተማ አስተዳደሩም የጸጥታ አካላትም ለኮንሰርት ጥያቄ ቢያንስ ከ30 ቀን በፊት የማያዳግም የጽሑፍ መልስ ይስጡ፤ ከዚያ በኋላ ከአቅም በላይ ካልሆነ በቀር አይከልክሉ። አዘጋጆችም ዝግጅቱ ሲሰረዝ ገንዘቡ በስንት ቀን እንደሚመለስ ትኬቱ ላይ ያትሙ። እኛ አድናቂዎችም ያኔ ትኬታችንን ቀደም ብለን እንግዛ።